ማመንና ማስረዳት

በሴቶችና በሕፃናት ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን በሚከታተል የዐቃቤ ሕግ ክፍል ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት ከሁሉ የከበደኝ የተፈጸመውን መስማት አልነበረም። መስማቱ መክበዱስ ይከብዳል፤ እራት ቀርቦልኝ ሳልቀምስ የተነሣሁበት ምሽት ብዙ ነው። የባሰው ግን ቃሏን ከአፏ ሰምቼ ያለ ጥርጥር ያመንኳት ልጅ የግል ተበዳይ በሆነችበት መዝገብ ላይ «ዐቃቤ ሕግ እንደ ክሱ አላስረዳም» የሚል ብይን ሲነበብ ቆሞ ማዳመጥ ነበር። ከእነዚያ መዝገቦች አንዱ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ስለዚያ መዝገብ ለሥራ ባልደረቦቼም ለቤተሰቤም ያልተናገርኩትን እዚህ ልናገር፦ ተከሳሹን ያሰናበቱት ዳኞች ትክክል ነበሩ። ልጅቱም እውነቷን ነበር።

ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚቆሙ ለመረዳት ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል።

ልጅቱ በደላላ ከገጠር መጥታ አዲስ አበባ ውስጥ በቤት ሠራተኛነት የተቀጠረች ናት። ማንነቷን የሚጠቁመውን ሁሉ ትቼዋለሁ። የቤቱ እመቤት ለለቅሶ ክፍለ ሀገር በሄደችበት ሰሞን አሠሪዋ ሌሊት ወደምትተኛበት ክፍል ገብቶ በሩን ከውስጥ ቆለፈ። መሣሪያ አልያዘም፤ አልመታትም። «ብትጮኺ ወርቅ ሰረቀች ብዬ ነው የማሳስርሽ፤ የተጠራቀመልሽንም ደመወዝ ሳንቲም አታገኚም» አላት። ልጆቹ ከግድግዳው ወዲያ ተኝተዋል። ከተማውን አታውቀውም፤ በዚያ ሰዓት ከግቢው ብትወጣ የምትሄድበት ዘመድ የላትም። አልጮኸችም። በማግስቱ የለበሰችውን አጥባ አሰጣች፤ ለልጆቹ ቁርስ ሠርታ ትምህርት ቤት ሸኘቻቸው። ከሳምንት በላይ ቆይታ ጎረቤት ለምትሠራ ያገሯ ልጅ ነገረቻት፤ ያቺ ልጅ ናት እጇን ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ያደረሰቻት።

ዕድሜዋ 18 አልፎ ስለነበር ጉዳይዋ የሚታየው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 ነው። በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ይህ ሕግ አስገድዶ መድፈር የሚለው አንድ ወንድ ከጋብቻ ውጭ የሆነችን ሴት አስገድዶ የግብረ ሥጋ ግንኙነት ሲፈጽምባት ነው። የማስገደጃ መንገዶቹንም ይዘረዝራል፤ የኃይል ድርጊት፣ ብርቱ ዛቻ፣ ራሷን እንድትስት ማድረግ ወይም በሌላ መንገድ መከላከል እንዳትችል ማድረግ። መነሻ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ተበዳይዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ከሆነች፣ በበሽታ ወይም በእርጅና ምክንያት የድርጊቱን ምንነት ማወቅ የማትችል ከሆነች፣ ወይም ድርጊቱን ብዙ ሆነው ተባብረው ከፈጸሙባት ጣሪያው 20 ዓመት ይደርሳል። ከባድ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ወይም ሞት ካስከተለ ደግሞ የዕድሜ ልክ ነው።

ከዚህ በላይ አንቀጽ 23 አለ። ማንኛውም ወንጀል ወንጀል የሚሆነው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮቹ በአንድነት ተሟልተው ሲገኙ ነው። በ620 ላይ ይህ ማለት ግንኙነቱ መፈጸሙን፣ ከተዘረዘሩት መንገዶች በአንዱ ተገድዳ መሆኑን፣ የፈጸመው ይህ ተከሳሽ መሆኑን፣ የፈጸመውም አውቆና ፈልጎ መሆኑን ማሳየት ነው። አራቱም በዐቃቤ ሕግ ላይ የተጫኑ ናቸው። ተከሳሽ ምንም ማስረዳት የለበትም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት ሰጥቶታል።

እንግዲህ በልጅቱ መዝገብ ውስጥ የነበረው ምንድን ነው? ለፖሊስ የሰጠችው ቃል ግማሽ ገጽ ነው። ቀንና ቦታ ከተጻፈ በኋላ ዋናው ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ተጠቅልሎ አልቋል፤ ተጠርጣሪው በኃይል አስገድዶ የግብረ ሥጋ ግንኙነት ፈጽሞብኛል ይላል። ያቺ ልጅ በሕይወቷ እንዲህ ብላ ተናግራ አታውቅም። ይህ የመርማሪው አነጋገር ነው፤ ከአንቀጹ የተቀዳ። የወርቁ ነገር የለም። የደመወዙ ነገር የለም። በሩን ከውስጥ መቆለፉ የለም። የሕክምና ማስረጃው በአካሏ ላይ የሚታይ ጉዳት አለመኖሩን ይገልጻል።

ፍርድ ቤት ቀርባ ግን ሁሉንም እኔ ከላይ እንደጻፍኩት አድርጋ ተናገረች። ተከላካይ ጠበቃው ለመስቀለኛ ጥያቄ ተነሣ።

«በኃይል ነው ያልሽው፤ መታሽ?»

«አልመታኝም።»

«ለፖሊስ ስትናገሪ ስለ ወርቅ፣ ስለ ደመወዝ ያልሽው አለ?»

«አልጠየቁኝም።»

«ለምን አልጮኽሽም?»

«ማን ይሰማኛል?»

ይህ የመጨረሻ መልሷ ለእኔ ከማንኛውም ማስረጃ በላይ ነበር። ለዳኞቹ ግን መዝገቡ ያለው እንዲህ ነው፤ ለፖሊስ በኃይል አለች፣ በችሎት ኃይል አልነበረም ዛቻ ነበር አለች፣ ዛቻውን የምናውቀው አሁን ከእሷ ብቻ ነው፣ የሚያጠናክረው ሌላ ነገር አልቀረበም። ጥርጣሬ ሲኖር ተከሳሽ ይጠቀምበታል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 141 መሠረት መከላከል ሳያስፈልገው ተሰናበተ። ከችሎት ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ «እትዬ፣ ውሸታም ነሽ ነው ያሉኝ?» አለችኝ። አይደለም አልኳት። የተናገርኩት እውነት ነበር፤ እንዴት እንደማስረዳት ግን አላወቅሁም።

ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ልቤ የሚመኘው ሌላ ሕግ ነበር። በዚህ ወንጀል ብቻ የማስረዳት ሸክሙ ይገልበጥ፣ ተከሳሹ ራሱን ያንጻ እል ነበር። በተለይ የሚያቃጥለኝ ይኸው የወንጀል ሕግ በሌላ ቦታ የሴትን ቃል ብቻ የሚቀበል መሆኑ ነው። በአንቀጽ 551 እና 552 መሠረት ፅንሱ በመደፈር የመጣ ከሆነ ለማቋረጥ የእሷ ቃል ብቻውን በቂ ማስረጃ ነው፤ የፖሊስ ወረቀትም የፍርድ ቤት ውሳኔም አይጠየቅም። ሐኪሙ ፊት በቂ የሆነ ቃል ዳኛው ፊት ለምን ያንሳል? እያልኩ ስንት ሌሊት አስቤአለሁ።

መልሱን ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሌላ መዝገብ ነው። 19 ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው፤ ታስሯል። ከሳሾቹ የፍቅረኛው ወላጆች ናቸው። ልጅቱ ራሷ ቢሮዬ መጥታ የምትለምነኝ እንዲፈታ ነው። ይዋደዳሉ፤ ወላጆቿ ልጁን አይፈልጉትም። ጉዳዩ የተመሠረተው በአንቀጽ 626 ነው። ዕድሜዋ ከ13 በላይ ሆኖ 18 ካልሞላት ልጅ ጋር ግንኙነት የፈጸመ ሰው ከ3 እስከ 15 ዓመት ይቀጣል፤ በዚህ አንቀጽ ፈቀደች አልፈቀደች የሚል ጥያቄ የለም። የሚያስፈልጉት ዕድሜዋ፣ ድርጊቱና የተከሳሹ ማወቅ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ልጅቱ 18 ሞልቷታል ወይስ አልሞላትም የሚለው ብቻ ነው የወጣቱን ሕይወት የሚወስነው። አባትየው 16 ነች ይላሉ፤ ልጅቱ 18 ሞልቶኛል ትላለች፤ በሆስፒታል የተደረገው የአጥንት ራጅ ከ17 እስከ 19 ይገመታል ይላል። እኔ ያንን ሸክም ተገልብጦ ማየት የፈለግሁ ሰው፣ ያ ልጅ ንጹሕነቱን እንዲያስረዳ ቢጠየቅ ምን ይዞ ሊቀርብ እንደሚችል ሳስብ ምኞቴ ከዚያው ቀረ። ሰው ለ15 ዓመት የሚታሰርበት ነገር በአዘኔታ ሊወሰን አይገባም፤ በእኔ አዘኔታም ጭምር።

ስለ ዕድሜ ካነሣሁ አይቀር ሊባል የሚገባው አለ። በአገራችን የልደት ምዝገባ በሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱ ልጆች፣ በተለይ የገጠሮቹ፣ ዕድሜያቸው የሚታወቀው በክርስትና የምስክር ወረቀት፣ በክትባት ካርድ፣ በትምህርት ቤት መዝገብ ወይም እናት «ያ ትልቁ ዝናብ የዘነበ ዓመት ነው» በምትለው ነው። ሕጉ ግን በልደት ቀን ላይ የቆመ ነው። ልጅቱ 13 ካልሞላት አንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ያስቀጣል። 13 ሞልቷት ኃይል ወይም ዛቻ ካልተረጋገጠ 626 ከ3 ዓመት ይጀምራል። በአንድ ቀን ልዩነት የቅጣቱ መነሻ በአሥር ዓመት ይለያያል። ያቺ በእናት መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠች ቢጫ የክትባት ካርድ በችሎት ላይ ምን ያህል ክብደት እንዳላት ወላጆች ቢያውቁ ኖሮ እንደ ርስት ሰነድ ነበር የሚጠብቋት።

ሕፃናት ሲመሰክሩ ያየ ሰው በፍትሕ ሥርዓታችን ውስጥ ያለውን ጥሩ ነገርም ያያል። ለሕፃናት ተስማሚ በተባሉት ችሎቶች ልጁ ተከሳሹን አያይም። በሌላ ክፍል አሻንጉሊትና የስዕል ወረቀት ባለበት ከባለሙያ ጋር ይቀመጣል፤ ዳኛው በካሜራ ያዩታል። ጥያቄው በጆሮ ማዳመጫ ለባለሙያዋ ይደርሳታል፤ እሷ ለልጁ በሚገባው ቋንቋ ትጠይቀዋለች። «ድርጊቱ የተፈጸመው በምን ቀን ነው?» የሚለው «ጥምቀት ከመድረሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ትምህርት ነበረህ ወይስ ተዘግቶ ነበር?» ይሆናል። ክሶቻችን ላይ ቀኑና ወሩ በውል በማይታወቅበት የሚል ሐረግ የሚበዛው ለዚህ ነው፤ የስድስት ዓመት ልጅ ቀን አይቆጥርም። ወንድ ልጅ ሲሆን ደግሞ አንቀጹም ይለያል። 620 ስለ ሴት ብቻ ስለሚናገር የወንዶቹ ጉዳይ በ631 ነው የሚታየው፤ 13 ላልሞላው ከ15 እስከ 25 ዓመት። ወንድ ልጅ አይደፈርም የሚል ቤተሰብ ስንቱን ማስረጃ ሳያውቅ እንዳጠፋ ባየሁት ልክ መናገር አልችልም።

በሕጉ ላይ እስከ ዛሬ ያልታረቅሁት አንድ ነገር አለ፤ በ620 ውስጥ ያለው ከጋብቻ ውጭ የሚለው ሐረግ ነው። አንዲት ሚስት ፊቷ አብጦ መጥታ ባሏ ያደረጋትን ነገረችኝ። የነገረችኝ ነገር 620 የሚጠይቀውን ሁሉ ያሟላ ነበር፤ ኃይሉ፣ ዛቻው፣ ሁሉም። ልከስ የቻልኩት ግን ለጉንጯ ነው። በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የአካል ጉዳት ያስጠይቃል፤ የቀረውን ሕጉ አይሰማም። ይህን ፊት ለፊቷ መናገር ነበረብኝ። ጋብቻ ሴትን ከሕግ ጥበቃ የሚያወጣ ውል ሊሆን አይገባም፤ ይህ ሐረግ መሰረዝ አለበት፤ በዚህ ላይ ሁለት ሐሳብ የለኝም። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠልፎ ያገባ ሰው በጋብቻው ምክንያት ከክስ እንዲያመልጥ በር ይከፍት ነበር። የ1996ቱ ሕግ በአንቀጽ 587 ያንን በር ዘግቶ ከጠለፋ በኋላ የተፈጸመ ጋብቻ ከተጠያቂነት አያድንም አለ። ያ ከተቻለ ይህም ይቻላል።

ወደ ማስረጃው ልመለስ፤ ምክንያቱም ለእኔ ትምህርት የሆነኝ እሱ ነው። ከዚያች የቤት ሠራተኛ መዝገብ በኋላ የተበዳይ ቃል ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምፈልገው በውስጡ የአንቀጹ ስም ነው ያለው ወይስ የሆነው ነገር የሚለውን ነበር። «አስገድዶኛል» ድምዳሜ ነው፤ ድምዳሜውን የሚሰጠው ዳኛው ነው። ምስክር የሚናገረው ያየውንና የደረሰበትን ነው። ስለዚህ መዝገቡን እየመለስኩ እንዲህ ተብላ ትጠየቅ እል ነበር፦ ሲገባ ምን አለሽ? በሩ በየት በኩል ነው? ማን ዘጋው? ስልክሽ የት ነበር? የምትተኚበት ክፍል ቁልፍ አለው? ወር ሲሞላ ደመወዝሽን በእጅሽ ትቀበያለሽ? ከዚያ በፊት ተናዶ ምን ሲያደርግ አይተሻል? በማግስቱ ምን አለሽ? መጀመሪያ ለማን ነገርሽ? በምን ቃል? አሥር ጥያቄ በእርጋታ ሲጠየቅ ብርቱ ዛቻ የሚለው የሕግ አነጋገር ሥጋና ደም ለብሶ ይመጣል። ዛቻ ብርቱ የሚሆነው በተነገረበት ሰው ሁኔታ ነው፤ ሌባ ብዬ አሳስርሻለሁ የሚለው ቃል በከተማው ውስጥ አንድም ዘመድ ለሌላት ልጅ ከቢላ አያንስም። ይህን ግን ዳኛው የሚያየው የብቻዋን መሆን የሚያሳየው ሐቅ በመዝገቡ ላይ ካለ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ምስክር ከሌለ ጉዳዩ አይሄድም ይላል። ይህ ስሕተት ነው፤ ስንት ሴት በዚህ አባባል ምክንያት ከፖሊስ ጣቢያ በር ተመልሳለች። በሕጋችን ለማስረዳት ይህን ያህል ምስክር ያስፈልጋል የሚል ቁጥር የለም። የአንዲት ሴት ቃል ወጥና ዝርዝር ከሆነ፣ በአካባቢው ካሉ ትንንሽ ሐቆች ጋር ከተጋጠመ ያስፈርዳል። ትንንሾቹ ሐቆች ደግሞ አይጠፉም። መጀመሪያ የነገረቻት ጓደኛዋ አለች፤ ያየችውን ለቅሶ፣ የሰማችውን ቃል ትመሰክራለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ በሯን በወንበር ስትደግፍ ያየ ልጅ አለ። «ጉዳዩን በቤት ጨርሱት» ብሎ ሽማግሌ የላከ ተከሳሽ አለ፤ ሽማግሌዎቹ ምን ተብለው እንደተላኩ ሊጠየቁ ይችላሉ። በስልክ የተላከ የይቅርታ መልእክት አለ። እነዚህን የሚፈልጋቸው ሰው ከተገኘ ለሐቅ ምስክር አይጠፋም።

ጩኸትን በተመለከተ ደግሞ 620ን ደጋግማችሁ ብታነቡት ጩኸት የሚል የለበትም። መታገል የሚልም የለበትም። ሕጉ የሚጠይቀው እሱ ምን አደረገ ብሎ ነው፤ እሷ ምን አላደረገችም ብሎ አይጠይቅም። ሰውነት በድንጋጤ ደርቆ የሚቀርበት ጊዜ እንዳለ ደግሞ አደጋ የደረሰበት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ይሁንና በየመዝገቡ «ለምን አልጮኽሽም» የሚለው ጥያቄ አለ፤ በፖሊስ፣ በጠበቃ፣ አንዳንዴም በዳኛ። ጥያቄው ሲመጣ ዐቃቤ ሕግ መቃወም አለበት። እኔም መቃወም የጀመርኩት ከዚያች ልጅ በኋላ ነው።

ከጩኸት የባሰው ግን የድንግልና ጉዳይ ነው። ለረጅም ዘመን የሕክምና ማስረጃ ተብሎ የሚመጣልን ወረቀት ትልቁ ነገሩ ክብረ ንጽሕናዋ ተገርስሷል አልተገረሰሰም፣ ጠባሳው አዲስ ነው አሮጌ ነው የሚል ነበር። ይህ ወረቀት ብዙ ጉዳት አድርሷል። የዓለም ጤና ድርጅት ከተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ጽሕፈት ቤትና ከሴቶች ድርጅቱ ጋር በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በሰጠው መግለጫ የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው ገልጾ እንዲቆም ጠይቋል። ግንኙነት ኖሮ ምንም ምልክት ላይታይ ይችላል፤ ግንኙነት ሳይኖርም የተለየ ቅርጽ ሊታይ ይችላል። ቁስል ከተገኘ ኃይል መኖሩን ያግዛል፤ አለመገኘቱ ግን ኃይል አልነበረም አያሰኝም። ዛቻ ደግሞ ጭራሽ በአካል ላይ ምልክት አይተውም። 620 ውስጥ ድንግልና የሚል ቃል የለም፤ አግብታ የፈታችም፣ ሴተኛ አዳሪም በሕጉ ፊት አንድ ናቸው።

በአርሲ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። በ1993 ዓ.ም. አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ተጠለፈች፤ ተደፈረች። ፖሊስ አስለቀቃት፤ ጠላፊው በዋስ ወጣና መልሶ ጠለፋት፤ ሸሽጎ አቆይቶ የጋብቻ ውል አስፈረማት። አመለጠች። በ1995 ዓ.ም. የወረዳው ፍርድ ቤት በጠላፊው ላይ የ10 ዓመት፣ በተባባሪዎቹ ላይ የ8 ዓመት እስራት ፈረደ። ከወራት በኋላ በ1996 ዓ.ም. ይግባኝ ሰሚው የዞን ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው፤ ማስረጃው በፈቃዷ መሆኑን ያመለክታል ብሎ። ልጅቱ ሁለት ጊዜ ተጠልፋለች፤ 13 ዓመቷ ነው፤ በክርክሩ ድንግልናዋ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ኢኩዋሊቲ ናው የተባለው ድርጅት ጉዳዩን ወደ አፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ወሰዱት። ኮሚሽኑ በ2008 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ልጅቱን ባለመጠበቋና ፍትሕ ባለመስጠቷ ኃላፊ ናት ብሎ 150,000 የአሜሪካን ዶላር ካሳ እንዲከፈላት ወሰነ። ያን ውሳኔ ባነበብኩ ቁጥር የማስበው ከ1996 እስከ 2008 ያለውን ዘመን ነው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፊት የነበረው ማስረጃና ኮሚሽኑ ፊት የነበረው ማስረጃ ያው ነው። የተለየው ያነበበው ሰው ነው።

ስለዚህ ነው ሁለት ነገር ለይቼ መያዝ የተማርኩት። አንደኛው የአርሲው ዓይነት ነው፤ ማስረጃ ሞልቶ ሳለ ዳኛው ከሕጉ ውጭ የሆነ ጥያቄ ሲጠይቅ። ይህ ይግባኝ ይባልበታል፣ ይጮኽበታል፣ አስፈላጊ ከሆነ እስከ አፍሪካ ኮሚሽኑ ድረስ ይኬድበታል። ሁለተኛው የቤት ሠራተኛዋ ዓይነት ነው፤ እውነቱ ሞልቶ ሳለ መዝገቡ ባዶ ሲሆን። በዚህኛው ዳኛን መውቀስ አያወጣም። መዝገቡ የሚሞላው ወይም ባዶ የሚቀረው ከችሎቱ ከወራት በፊት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት፤ በእናት እጅ፣ በጎረቤት እጅ፣ በነርስ እጅ፣ ቃል በሚቀበል አንድ መርማሪ እጅ።

ለዚህ ነው ሕግ ያልተማራችሁ አንባቢዎች ይህን እንድታነቡ የፈለግሁት። ነገሩ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ከደረሰ እባካችሁ ልጅቱን ወይም ልጁን አታጥቡ፤ ልብሱን አታጥቡ። ልብሱን በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ጠቅልላችሁ ያዙ፤ ፌስታል ያረጥበዋል፣ ያበላሸዋል። በቀጥታ ሆስፒታል ሂዱ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሐኪም፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በአንድ ቦታ የሚገኙበት የአንድ ማዕከል አገልግሎት አለ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ የእርግዝና መከላከያውም ቶሎ ሲወሰድ ነው የሚሠራው። ናሙናም የሚገኘው በእነዚሁ ቀናት ነው። ቀኑ ካለፈባችሁ ግን ተስፋ ቆርጣችሁ አትቅሩ፤ ከሳምንት በኋላ፣ ከወር በኋላ የተነገረም ያስከስሳል።

ስትነግራችሁ አታቋርጧት፤ ለምን አትበሏት። የነገረቻችሁን በራሷ ቃል፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ነገ ምስክር የምትሆኑት እናንተ ናችሁ። ፖሊስ ጣቢያ አብራችሁ ሂዱ፤ ቃሏ ሲነበብላት ያላለችው ካለ ይስተካከል፣ ያለችው ከጎደለ ይጨመር ሳትሉ እንዳትፈርም። ይህ መብቷ ነው። ሽማግሌ ከመጣም አትቀበሉ፤ የመጣበትን ቀንና የተናገረውን ግን ያዙት።

ያቺ የቤት ሠራተኛ ልጅ ወደ አገሯ ተመልሳለች። ሰውየው በነፃ የተሰናበተበት ፍርድ የጸና ነው፤ ጉዳዩም ተዘግቷል።